ጠባቸው አጥራችን ነበር

ድርሰት የሚሞክሩ ወጣቶች አንዳንድ ቀን በሬን ያንኳኳሉ። ያረጀ ጸሐፊ ሁሉ የተከማቸ ብልሃት ያለው ይመስላቸዋል። እኔ የተከማቸብኝ የጉልበት ቁርጥማት ነው፤ እሱም ዝናብ መምጣቱን ከመናገር በቀር ሌላ ሙያ የለውም። ቢሆንም ሰው ሲጠይቀኝ ደስ ይለኛል። ዕውቀት ላካፍል ሳይሆን ወሬ ናፍቆኝ ነው። አረፍ በሉ እላቸዋለሁ።

ከሚጠይቁኝ ሁሉ አንዱ ጥያቄ እየተመላለሰ ይመጣል። "ጋሼ፣ ሁለት ክፉ ሰዎች አንድ ላይ ሲያብሩ እየጻፍኩ ነው፤ ግን ማንም አያምነኝም። ምን ላድርግ?"

"ማን አስታረቃቸው?" እላለሁ።

"ማንን?"

"ክፉዎቹን ነዋ! ከማበራቸው በፊት ማን አስታረቃቸው?"

እርስ በርስ ይተያያሉ። ሽማግሌው ዛሬስ ለየለት ማለታቸው ነው። አልፈርድባቸውም። እኔም በእነሱ ዕድሜ፣ በጃንሆይ ጊዜ ንፋስ መውጫ ላይ አስተማሪ ሳለሁ፣ ሁለት ክፉዎች ጽፌ ነበር። ገደል ውስጥ ባለ ዋሻ አገናኘኋቸው። ጣታቸውን በጩቤ አስበጥቼ ደማቸውን በቀንድ ዋንጫ አቀላቀልኩላቸው። ከዚያ አሳቅኳቸው፤ ገጽ ሙሉ ሳቁ። አብሮኝ ቤት የተከራየው የሒሳብ አስተማሪ አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አኑሮ፣ "እነዚህ ሰዎች ቤት የላቸውም?" አለኝ።

"አላቸው እንጂ።"

"ታዲያ ዋሻ ምን ወሰዳቸው? ደግሞ ምኑ ነው እንዲህ የሚያስቃቸው?"

ተቀየምኩት። ለሁለት ቀን የወጡን ጨው ዝም ብዬ አበዛሁበት፤ አብረን እንደምንበላ ረስቼ። ነገሩ ግን እውነት ነበር፤ ከሰው ሁሉ ደግሞ እኔ ማወቅ ነበረብኝ። የአባቴን ርስት የወሰዱት ሁለት ሰዎች ዋሻ ገብተው አያውቁም። ያበሩት በጠራራ ፀሐይ፣ በካህናት ፊት፣ በገዛ ማሳችን ላይ ነው፤ አባቴ እያለቀሰ ሲመርቃቸው።

አገራችን ጋይንት ነው፤ ከአርብ ገበያ ጠዋት የተነሳ እግረኛ ለምሳ የሚደርስበት ተዳፋት። ማሳችን በተዳፋቱ ወገብ ላይ ነበር። ከበላዩ አንድ ሰው፣ ከበታቹ ሌላ ሰው ያርሱ ነበር። ስማቸውን አልጽፍም፤ የልጅ ልጆቻቸው ደጎች ናቸው፣ ደግሞም ከእኔ ይልቅ ክንደ ብርቱ ናቸው። በቤታችን የላዩ ሰውዬና የታቹ ሰውዬ እንላቸው ነበር፤ እዚህም እንዲሁ ይሁኑ።

የሦስታችንም ቤት ከአንድ ሰው ይወለዳል። በጥንት ጊዜ ዱሩን መንጥሮ መሬቱን ያቀና አንድ አባት ነበር። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ወለደ። የላዩ ሰውዬ ከአንደኛው ወንድ፣ የታቹ ሰውዬ ከሌላው ወንድ፣ አባቴ ደግሞ ከሴቲቱ ይመጣሉ፤ የአባቴ አያት ናት። በእኛ አገር ርስት የሚያዘው እንዲህ በትውልድ እየተቆጠረ ነው። ያቺ አያት የአቅኚው ልጅ ካልሆነች እኛ ማሳ የለንም። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ይፈለጋል።

ዘመዳሞች ቢሆኑም የላዩና የታቹ ሰውዬ ደመኞች ነበሩ። የታቹ ሰውዬ አጎት በምንጭ ውሃ ተጣልቶ የላዩን ሰውዬ ታላቅ ወንድም ገደለና ወደ በሽሎ በረሃ ወረደ፤ እዚያው ወባ ጨረሰው። ገዳዩ ቢሞትም ደሙ አልሞተም፤ ወደ ወንድሙ ልጅ ወደ ታቹ ሰውዬ ዞረ። ቤተ ክርስቲያን አንዱ በምሥራቅ በር ሲገባ ሌላው በምዕራብ ይገባ ነበር። የሚስቶቻቸው ውሃ መቅጃ ሰዓት ሳይቀር የተለየ ነበር።

ለእኛ ግን ያ ጠብ አጥር ነበር። የላዩ ሰውዬ ማሳችንን ማንም እንዲነካው አይፈልግም፤ ታችኛው በዚያ በኩል ሽቅብ እንዳይመጣበት። የታቹም እንዲሁ፤ ላይኛው ቁልቁል እንዳይወርድበት። አንድ ጊዜ ከስማዳ የሩቅ ዘመድ መጥቶ "እኔም ድርሻ አለኝ" ቢል፣ ሁለቱም ሳይነጋገሩ፣ ሳይተያዩ፣ በየፊናቸው መጥተው አባረሩልን። እናቴ፣ "ሁለት ደመኛ ያጠረውን ማሳ እንኳን ሰው ጅብ አይደፍረውም" ትል ነበር።

አባቴን ግን ያ አጥር እንቅልፍ ነሳው። ጠብ አይቶ ማለፍ የማይችል ሰው ነበር። ሞፈር ቀንበሩን ከትልም መሃል ጥሎ ሰው ሊያስታርቅ ይሄዳል፤ እናቴ በሬዎቹን ፈትታ ታስገባለች። "በሬዎቹ ቢዋጉ እንኳ መጀመሪያ ሽማግሌ ይልክባቸዋል" እያለች ለጎረቤት ታሳጣው ነበር። ታሳጣው እንጂ ትኮራበትም ነበር። በእሱ ላይ ሌላ ሰው ሲቀልድ ግን ድንጋይ ታነሳለች።

ሁለቱን ለማስታረቅ ስንት ክረምትና በጋ እንደተመላለሰ እሱም አይቆጥረው። ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡት ከቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ሥር ነበር። ከመቀመጣቸው በፊት ሁሉም ይምላሉ፤ ከጥዱ ሥር የተባለ ከጥዱ ሥር ይቀራል፣ ለሚስት አይነገር፣ ለችሎት አይወጣ ብለው። ያለዚያ ማን ሆዱን ይከፍታል? ደመኛ ሲያወራ ሌላውን የሚያስገድል ነገር ያወራል። ሽማግሌ ማለት ያንን ሁሉ ውጦ የሚቀመጥ ሆድ ነው።

መጀመሪያ ሁለቱም አባቴን አልሰማም ብለውት ነበር። እሱም ለላዩ ሰውዬ፣ "የአያትህ እህት ልጅ ልጅ ነኝ። እኔን ያልሰማህ ማንን ልትሰማ ነው?" አለው። የላዩ ሰውዬም በሽማግሌዎች ፊት፣ "እውነት ነው፣ አያትህ የአያቴ እህት ናት። ያ ባይሆን ኖሮ ይህን ቃል ሳትጨርሰው በጥይት እመልስልህ ነበር" ሲል መለሰ። የታቹም ሰውዬ በተራው ያንኑ አለ። በአያታችን ደም ምክንያት ሰሙት። ይህን እንኳ የነገረኝ አባቴ አይደለም፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጠላ ሲያሸንፈው ሾልኮበት ነው።

የእርቁ ቀን እኔ ከቤተ ልሔም ደብር መጥቼ ነበር። ያን ጊዜ እዚያ ዜማ እማር ነበር። እማር ነበር ማለቴ የኔታ ይሰቃዩ ነበር ማለቴ ነው። "ልጄ፣ እግዚአብሔር ለሁሉም ፍጥረት ድምፅ ሰጥቷል፤ ያንተን ግን ለአህያ ሊሰጥ ሲል ተሳስቶ ነው" ብለው ብዙም ሳይቆዩ አሰናበቱኝ። ዕድሜዬን ቀንሼ አስኳላ የገባሁትና ኋላ አስተማሪ የሆንኩት በዚያ ስንብት ነው።

ዳሱ የተጣለው የእኛ ማሳ ላይ ነው። የማን ደጃፍ ይረገጥ? የላዩ ሰውዬ ወደ ታች አልወርድም አለ፤ የታቹ ወደ ላይ አልወጣም አለ። ገብሱ ታጭዶ ቃርሚያው ብቻ ቀርቶ ስለነበር አባቴ፣ "በእኔ መሬት ላይ ይሁን፤ የሁላችሁም መሃል ነው" አለ። ይህንንም ሲል ደስታው ፊቱን ልጅ አስመስሎት ነበር።

የታቹ ሰውዬ ነጠላውን ወገቡ ላይ አሸርጦ፣ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ባዶ እግሩን መጣ። የላዩ ሰውዬ ፊቱን አዙሮ ተቀምጧል። ካህናቱ መስቀላቸውን ይዘው፣ ሽማግሌዎቹ ዱላቸውን ተደግፈው መሃል ቆመዋል።

"ይቅር ለእግዚአብሔር በል!"

ዝም።

"ስለ እመቤታችን!"

ዝም። የታቹ ሰውዬ ድንጋዩ ከብዶት ተንበረከከ። አባቴ ሄዶ ከድንጋዩ ሥር ትከሻውን ሰጠና አብሮት ተንበረከከ። ያን ጊዜ የላዩ ሰውዬ ዞር አለ። "አንተ ደግሞ ምን በድለኸኝ ነው የምትሸከመው?" አለና ድንጋዩን ራሱ አነሳው። "ይቅር ለእግዚአብሔር!" ሕዝቡ እልል አለ። የላዩ ሰውዬ ሚስት በቅርቡ ወንድ ልጅ ወልዳ ስለነበር፣ እርቁ እንዳይላላ የታቹ ሰውዬ ለሕፃኑ የክርስትና አባት እንዲሆን እዚያው ተቆረጠ። አበልጅ ሆኑ ማለት ነው፤ በእኛ አገር አበልጅን መክዳት ከወንድም ክህደት ይከፋል።

ከዚያ ተበላ፤ ተጠጣ። እኔ ሁለቱ አዲስ ወዳጆች አጠገብ ነበርኩ፤ ሥጋው በዚያ በኩል ስለሚያልፍ። ሁለቱም ተፋፈሩ። ዕድሜ ልክ ለመገዳደል ሲያስቡ የኖሩ ሰዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ምን ያውሩ? አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ሌላውም ጠረገ። በመጨረሻ የላዩ ሰውዬ ማሳችንን ገልመጥ አድርጎ፣ "ይህ መሬት ለካ እስከዚያ ድረስ ነው?" አለ።

"እኔም አሁን ነው ያየሁት" አለ የታቹ። "ከታች ሲያዩት እርከኑ ይጋርደዋል።"

"ከላይም ጉብታው ይጋርደዋል።"

"አፈሩ ደግሞ ጥቁር ነው።"

"ጥቁር ነው፣ አዎ።"

ያለ ሽማግሌ ያወሩት የመጀመሪያ ወሬ ይህ ነው። ሁለቱም ማሳችንን ከመሃሉ ሆነው ያዩት የዚያን ቀን ነው። ክፋት የነበረበት አይመስለኝም። ወሬ ያጡ ሁለት ዓይን አፋር ሰዎች ነበሩ፤ ወሬ ሆነን የተገኘነው እኛ ነን። ዛሬ ለወጣቶቹ ይህን ስነግራቸው በደብተራቸው ላይ "ዓይን አፋር" ብለው ይጽፋሉ። ይጻፉ።

እናቴ ግን ከሩቅ አይታቸው ወደ አባቴ ጠጋ አለች። "አንተ ሰው፣ ሰውዬዎቹ ማሳችንን በዓይናቸው እየሰፈሩት ነው።"

"ሴትዮ፣ ደም ሲደርቅ አይተሽ እንኳ አንድ ቀን ደስ አይልሽም?"

"ደሙ ይድረቅ። እኔ የምፈራው ለገብሱ ነው።"

ዓመታት አለፉ። ንፋስ መውጫ ማስተማር የጀመርኩ ሰሞን ነው፣ ሁለቱ አበልጆች አንድ ሆነው አባቴን ከሰሱት። ክሱ አጭር ነው። ያቺ የአባቴ አያት የአቅኚው ልጅ አይደለችም፤ እናቷ ስታገባ ታዝላ የመጣች የእንጀራ ልጅ ናት። ስለዚህ ዘሯ ርስት የለውም። የላዩ ሰውዬ ከወገኑ ሽማግሌ አምጥቶ አስመሰከረ። የታቹም ከወገኑ አምጥቶ አስመሰከረ።

ዳኛው ከሌላ አገር የመጣ፣ እጁ ንጹሕ ሰው ነበር። ጉቦ ቢቀበል ኖሮ ሐዘኔ በቀለለልኝ። አስቦ፣ ተጨንቆ ጠየቀ። "እነዚህ ሁለት ወገኖች ደም የተቃቡ ናቸው ይባላል። እውነት ነው?"

አባቴ፣ "እውነት ነው ጌታዬ። አሁን ግን ታርቀዋል" አለ፤ በኩራት ጭምር።

ዳኛው ራሱን ነቀነቀ። ደም የተቃቡ ሰዎች በአንድ ነገር ላይ አንድ ቃል ከተናገሩ፣ ያ ነገር እውነት ቢሆን ነው ብሎ እንዳሰበ ፊቱ ላይ አነበብኩ። የዱሮ ጠባቸው ምስክራቸው ሆነ። ያንን ጠብ ደግሞ ከማንም በላይ የመሰከረላቸው አባቴ ነው። እኔ በዋሻዬ ውስጥ ያን ሁሉ ቀንድና ጩቤ ሳሰናዳ ይህ ጠፍቶኝ ነበር።

ፍርዱ ከመሰጠቱ በፊት ለምስክር መቆጠሪያ ቀጠሮ ተሰጥቶን ወጣን። ከችሎቱ ደጅ አባቴን ክንዱን ያዝኩት።

"አባዬ፣ የጥዱን ቃል ያውጡት! ሁለቱም 'አያትህ የአያቴ እህት ናት' ብለዋል። ሽማግሌዎቹ አሉ፤ ካህኑ አሉ። ይጥሯቸው!"

"ማን ነገረህ?"

"ማንም ይንገረኝ። ይጥሯቸው!"

"ምን ብዬ ማልኩ?"

"እነሱስ ምን ብለው ማሉ?"

"የእነሱን እነሱ ይጠየቁበታል።" ትንሽ ሄደና ቆመ። "አንድ ቃል ካወጣሁ ሌላው ተከትሎ ይወጣል። የላዩ ሰውዬ ከጥዱ ሥር ስለ ታቹ ሰውዬ እናት ምን እንዳለ ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"አታውቅም። የታቹም ሰውዬ አያውቅም። ሁለቱም ዛሬ በሕይወት ያሉት ለዚህ ነው።"

ሽማግሌዎቹም ቢሆኑ ሳይጠሩ አልመሰከሩም። ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ባጠገባችን አለፉ። ተፈረደብን።

ወደ እናቴ ዘመዶች፣ ወደ እስቴ ሄድን። ዕቃችንን የጫንንባቸው አህዮች የማን ይመስሏችኋል? የታቹ ሰውዬ ናቸው። "መንገዱ ሩቅ ነው ጋሼ፤ አህዮቹን ሲመቻችሁ ትመልሷቸዋላችሁ" ብሎ ራሱ ነድቶ አመጣቸው። የላዩ ሰውዬ ደግሞ አንድ ቅል ማር ለስንቅ ይዞ መጣ። ሁለቱም አቅፈው ሳሙን። የላዩ ሰውዬ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ማስመሰል አልነበረም፤ ጎረቤት ሲሄድበት የሚከፋው ሰው ነው። እናቴ ማሩን አልነካችም። ድስቷንም በእነዚያ አህዮች ላይ አልጭንም ብላ በራሷ ተሸክማ እስቴ ገባች። ማሩን የበላሁት እኔ ነኝ። ጥሩ ማር ነበር፤ እግዚአብሔር ይይላቸው።

አባቴ በዘመድ መሬት ላይ እኩል አራሽ ሆነ። አያጉረመርምም። ሰው ሊያስታርቅ ግን ማንም አይጠራውም፤ በባዕድ አገር ርስት የሌለው ሰው ከሽማግሌ አይቆጠርም። እሱን የጎዳው እርሻው አልነበረም፤ ይህ ነው። በመንገድ ላይ ሰዎች ሲጨቃጨቁ ሲሰማ ቀስ ብሎ ይቆማል፤ የሚጠራው ካጣ መንገዱን ይቀጥላል።

እኔና እናቴ በአንድ ተረት ተጽናናን፤ ሌባ ሲሰርቅ ሳይሆን ሲካፈል ይጣላል በሚለው። ጠበቅን። ንፋስ መውጫ ገበያ ከዚያ አገር የሚመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር፣ "እንዴት ናቸው እነ እንትና? አልተጣሉም?" እላለሁ። "ኧረ ምን ሲደረግ! የታቹ ሰውዬ ታሞ የላዩ ሰውዬ በቃሬዛ ጠበል አወረደው" ይሉኛል። ማሳችንን ከመሃል ከፍለው በሰላም ያርሱታል። ተረቱ አልሠራባቸውም። ዋሻውን የጻፍኩት በዚያ ሰሞን ነው። እንደሚዋደዱ አውቄ መጻፍ አልቻልኩምና ደም አጠጣኋቸው።

በመጨረሻ ተጣሉ። የላዩ ሰውዬ በማሳችን መሃል፣ በድንበሩ ላይ፣ ባሕር ዛፍ ተከለ። ዛፉ ሲያድግ ጥላው በታቹ ሰውዬ ገብስ ላይ ወደቀ፤ ሥሩም ውሃውን መጠጠበት። የታቹ ሰውዬ አንድ ጠዋት መጥረቢያ ይዞ ወጣና ከዳር ያሉትን ጣላቸው። እንደገና በምሥራቅና በምዕራብ በር መግባት ጀመሩ። ይህን የነገረኝ አርብ ገበያ ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ መልእክትም ይዞ ነበር። የታቹ ሰውዬ ይጠራሃል አለኝ።

ሄድኩ። አልሮጥኩም ብል ውሸት ነው። በግ አርዶ ጠበቀኝ።

"ና ልጄ፣ ና ወደ ውስጥ! እንዴት ከሳህ እባክህ!" ከሲታ ሆኜ አላውቅም፤ ግን ደስ አለኝ። "እዚህ ከአጠገቤ ተቀመጥ። ያቺ አያታችሁ የአቅኚው ልጅ ናት። ማነው አይደለችም ያለው?"

"እርስዎ ነዎት ያሉት።"

"እኔ? እሱ ነው እንጂ ያስባለኝ! አንተ አታውቀውም፤ ያ ሰው ምላሱ ቅቤ ነው።" ጎድን አነሳና በእጁ አጎረሰኝ። "እኔ ችሎት ቆሜ እውነቱን እመሰክራለሁ። መሬታችሁ ይመለስ። እሱም ይፈር።"

የላዩን ሰውዬ ማማት ጀመርን። አረማመዱን፣ ስስቱን፣ ቤተ ክርስቲያን ሲቆም ማንኮራፋቱን። ሐሜት እንደ አዋዜ ነው፤ ያለ እሱ ጥብስ አይጥምም። ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ እኔና የአባቴን መሬት የቀማው ሰው የአንድ እናት ልጆች መሰልን። ቀንድ ዋንጫም ጩቤም አላስፈለገንም። ሰውዬው ደግሞ ተወዳጅ ነበር፤ ያንን ልደብቅ? ዛሬም ከመቃብሩ ተነስቶ ቢጠራኝ፣ በጉ የሰባ ከሆነ ሳልሄድ አልቀርም።

በማግስቱ ወደ እስቴ ገሠገሥኩ። አባቴ ደጅ ተቀምጦ የሞፈር እንጨት ይጠርባል፤ እናቴ ምስር ትለቅማለች። ሁሉንም ነገርኳቸው። እናቴ እጇን ወደ ሰማይ አነሳች። አባቴ ግን መጥረቢያውን አስቀምጦ፣ "የላዩ ሰውዬስ? እሱ ምን ይላል?" አለ።

"ጠመንጃውን እየወለወለ ነው ይባላል" አልኩ፤ እየሳቅኩ።

አባቴ ተነሳ። "ዱላዬን አቀብዪኝ" አላት እናቴን።

እኔ አልገባኝም። እናቴ ግን ወዲያው ገባት። ምስሩ ከጭኗ ተደፋ። "አትሄድም! የሰው ጠብ ስትፈታ የቤትህን አጥር ፈታህ፤ አሁን እግዜር በሩን ሲከፍትልህ መልሰህ ልትዘጋ ነው?"

"ሰው ሊሞት ነው እኮ።"

"ይሙታ!"

ይህን ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አባቴ አልተቆጣም። ጎንበስ ብሎ የፈሰሰውን ምስር በመዳፉ ሰበሰበና ሰፌዷ ላይ መለሰላት። "ደም ጠብቄ ያገኘሁት መሬት ላይ ምን ዘርቼ አበላሻለሁ?" አላት። ዱላውን ራሱ አነሳ።

ተከተልኩት። እግሩ ደካማ ነው፣ መንገድ ላይ ይመለሳል ብዬ ነበር። መንገድ ላይ "ትንሽ እንረፍ" ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ ዳገቱን እንደ ወጣት ወጣው። የሚያስታርቀው ሰው ያገኘው ከስንት ጊዜ በኋላ ነበር።

ማሳው ላይ ደርሶ፣ ከተቆረጡት ዛፎች ጉቶ አጠገብ ቆሞ፣ ሁለቱንም አስጠራ። የላዩ ሰውዬ ከነጠመንጃው ወረደ። የታቹ ሰውዬ ወጣ፤ እኔን ሲያይ ጠቀሰኝ፤ ፊቴን አዞርኩ። ካህኑና የዱሮዎቹ ሽማግሌዎችም መጡ።

አባቴ፣ "የበደላችሁት ማንን ነው?" አለ።

የታቹ ሰውዬ ጉቶውን አየ፤ የላዩ ሰውዬ ጠመንጃውን።

"እኔን ነው። እኔ ሳልጣላችሁ፣ እናንተ ለባሕር ዛፍ ልትጋደሉ ነው? ያንን ድንጋይ አብሬህ የተሸከምኩት ለዚህ ነው?"

የታቹ ሰውዬ እግሩ ላይ ወደቀ። የላዩ ሰውዬ ጠመንጃውን መሬት አጋድሞ እሱም ወደቀ። አለቀሱ፤ የእውነት እንባ። አባቴም አለቀሰ። ሽማግሌዎቹ አለቀሱ። ያላለቀስኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ አንድ ቃል እየጠበቅሁ ነበር። ሁሉም ሰው ያንን ቃል እየጠበቀ ይመስለኛል፤ ካህኑ እንኳ መስቀላቸውን እንደያዙ የላዩን ሰውዬ አፍ አፉን ያዩት ነበር። ለአባቴ "መሬትህን ውሰድ" ለማለት አንድ እስትንፋስ ይበቃል። የላዩ ሰውዬ አፉን ከፈተ። አባቴን አየው፤ ማሳውን አየው፤ አበልጁን አየው።

"በሉ ጠላ ይምጣ" አለ።

መጣ። አባቴን ከመሃል አስቀመጡት፤ ዳቦውን እንዲባርክ ለእሱ ሰጡት። የሁሉም የበላይ ሆኖ፣ በገዛ መሬቱ ላይ እንግዳ ሆኖ፣ ባረከላቸው። "እንዲህ እንዳላችሁ ያቆያችሁ" አለ። አሜን አልን። እኔም አልኩ፤ አፌ ዳቦ ስለነበረበት አልተሰማም።

ስንመለስ አባቴ ከማሳው ጫፍ ቆም አለ። ውሃ ማውረጃው ፈሰስ በጭቃና በቅጠል ተደፍኖ፣ ውሃው ወደ ገብሱ ተመልሶ ተኝቶ ነበር። "መውጫ አሳጥተውታል። ሥሩ ይበሰብሳል እኮ" አለ። ጎንበስ ብሎ በዱላው ጫፍ ጭቃውን መጫር ጀመረ። እኔ ቆሜ አየሁት። ቀስ እያለ ከፈተው፤ ውሃው ተንጋግቶ ወደ ገደሉ ወረደ። እጁን በሣር ጠርጎ ወደ እስቴ አቀና።

ድርሰቴን የጨረስኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ በንዴት። ዋሻውን አወጣሁት፤ ድንጋዩን፣ ማሩን፣ አህዮቹን፣ ባሕር ዛፉን አስገባሁ። የሒሳብ አስተማሪው አንብቦ፣ "አሁን ሰው ሆኑ" አለኝ። መጨረሻው ላይ ግን ተረቱን አልለቀቅኩም። ሁለቱ በባሕር ዛፉ ተጣልተው ተገዳደሉ፤ መሬቱ ለባለቤቱ ወላጅ አልባ ልጅ ተመለሰ።

አንድ የክረምት ከሰዓት እስቴ ሄጄ ለአባቴ አነበብኩለት። ያን ጊዜ ዓይኑን ሞራ ሸፍኖት ነበር። ጋቢውን ተከናንቦ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። እናቴ ከጥግ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ስጨርስ፣ "ታዲያ በዚያ አገር አስታራቂ ሰው አልነበረም?" አለኝ።

"አላስገባሁበትም፣ አባዬ።"

"ለምን?"

"ካስገባሁት መሬቱ አይመለስማ።"

አሰበ። "ማሳውንስ ማን አረሰው?"

"ልጁ ነዋ።"

"ከላይም ከታችም ጎረቤት ሳይኖረው? ብቻውን?"

"ብቻውን።"

"ምስኪን" አለ አባቴ።

እናቴ እንዝርቷን አቆመች። "እኔስ ወድጄዋለሁ" አለች። "እስቲ የሞቱበትን ደግመህ አንብብልኝ።"

ደግሜ አነበብኩላት። አባቴ ጋቢውን ራሱ ላይ ሳበው።